አሥር ሺህ አንድ ለሰባ ሦስት

ከእጅ ባትሪዬ ውስጥ ያበጠውን የባትሪ ድንጋይ ፈልቅቄ ሳወጣ ጥቁር ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ፤ ሽታውም ሳልወድ በግድ ሶዶ፣ ሰባተኛ ክፍላችን ደጃፍ አደረሰኝ። ያኔ ትምህርት ሲከፈት ያለቀ ድንጋይ ቀጥቅጠን፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሰን ሰሌዳውን የምናጠቁረው እኛው ነበርን፤ እስከ ጥቅምት ድረስ የእጅጌያችን ጥቁረት ከሰሌዳው ስለማይለይ እናቶቻችን ትምህርት ቤቱን ሲራገሙ ይከርሙ ነበር።

በዚያ ሰሌዳ ላይ ነው የሂሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ፣ ዛሬም አንቱ ልለው አንደበቴ የማይታዘዝልኝ ሰው፣ 10001 ብሎ የጻፈው። "ይህ ፕራይም ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም" አለን፤ እኛም አለንጋውን እያየን ገለበጥን።

ከጎኔ የምትቀመጠው ባሎቴ ግን አላመነችም። ከዱቦ መጥታ ሶዶ አክስቷ ቤት የተጠጋች፣ ለእኔ ለነጋዴው ልጅ ወላይትኛ ያስተማረችኝ ጓደኛዬ ናት። ከአባቴ ሱቅ በማመጣላት የስኳር ወረቀት ላይ ከሁለት ጀምራ ፕራይሞቹን በተራ እየያዘች ሳምንት ሙሉ ስታካፍል ሰነበተች። በሃያ አንደኛው ሙከራ፣ በሰባ ሦስት፣ ምንም ሳይተርፍ መቶ ሠላሳ ሰባት ደረሰ። ወረቀቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ቁጥሩ ለሰባ ሦስት ተካፈለች።"

"ቁጥሩ ተካፈለች! መጀመሪያ አማርኛ ተማሪ!" ብሎ ጠጠር ላይ አንበረከካትና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ፣ ነይ አካፍይና አሳያት።"

አለንጋው ባቴን እየነካ አካፈልኩ። መጨረሻ ላይ፣ ሰባት ጊዜ ሰባ ሦስት አምስት መቶ አሥራ አንድ እንደሆነ እያወቅሁ፣ አምስት መቶ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ተረፈ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ባሎቴ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ የተመለከተችው እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

በእረፍት ሰዓት የረሳሁትን ደብተር ልወስድ ብመለስ ቲቸር ግርማ ብቻውን ሰሌዳው ላይ ያንኑ ቁጥር ለሰባ ሦስት ያካፍላል። ዜሮው ላይ ሲደርስ በእጁ አጠፋው። ስለዚያ ቁጥር ዳግመኛ አልተነፈሰም። ባሎቴም በማግስቱ አልመጣችም፤ አክስቷ ወደ ዱቦ መመለሷን ነገሩኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቦዲቲ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ አገኘኋት። በወላይትኛ ማንነቴን ነግሬ "ተሳስቼ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው" አልኳት።

"ያን ጊዜም አውቄአለሁ" አለች። "ቲቸሩ ጠላቴ ነበር፤ ከእሱ ምንም አልጠበቅሁም።" ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።

እኔም የሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ የነገርኳትን አላምን ብላ ሳምንት ሙሉ ስታካፍል የምትሰነብት ልጅ ስጠብቅ ኖርኩ። አንዲትም አልመጣችም።