ማማው ላይ ያወጣኝ ቀስት

የበቆሎ ማሳችን ከሲሬ ወጣ ብሎ ጫካው ጥግ ላይ ነበር። ጫካ ጥግ ማረስ ማለት፣ ይኸውላችሁ፣ ከዝንጀሮ ጋር እኩል መዝራት ማለት ነው። አባቴ የነበረችውን አንዲት ጠመንጃ የገበሬ ማኅበሩ መዝግቦ ከወሰዳት ወዲህ በቆሎውን የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ማሳው መሃል በአራት እንጨት የቆመች ማማ ላይ ቀስቱን ይዞ ይውላል። ያቺ ማማ እንዴት ታስቀናኝ እንደነበር! ማንም «ውኃ ቅጂ» የማይልሽ ቦታ ብትኖር እሷ ብቻ ነበረች።

ወንድሜ ነቀምት ሁለተኛ ደረጃ ሊማር ሄደ። አሮጌው ቀስቱም በዚያው ክረምት ተሰንጥቆ ነበር። በቆሎው እሸት ሲይዝ አባቴ ከአርጆ የአጎቴን ልጅ ሊያስመጣ አሰበ። እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። «እኔ ልጠብቅ» አልኩ። እናቴ ሴት ልጅ ማማ ላይ ወጥታ የት ታይቶ ያውቃል አለች። አባቴ ነገር አያበዛም፤ ቅዳሜ ገበያ እንሄዳለን፣ የምትገትሪው ቀስት ካገኘሽ ማማው ያንቺ ነው፣ ካላገኘሽ ሰኞ አርጆ ሰው እልካለሁ ብሎ ተኛ።

ቀስት የሚሸጡት ከጊዳ አያና በኩል አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉ ማር ቆራጭ ሽማግሌ ነበሩ። ጆንያ ላይ ሦስት ቀስት ዘርግተዋል። አንደኛው ረጅም ነው፤ ወገቡ ላይ ቆዳ ተጠቅልሎበታል፣ ጫፍና ጫፉ ቀይ ክር አለው። ሁለተኛው እንደ ማገዶ ጠመም ያለ፣ መልክም የሌለው። ሦስተኛው የሕፃን መጫወቻ። እኔ መቼም ልጅ ነኝና ቀዩን ክር አየሁ፣ አለቀ።

«ዓይንሽ መርጧል» አሉኝ። «ክንድሽ ምን እንደሚል ደግሞ እንስማ።»

በእሳቸው አገር ቀስት የሚመረጠው በሰላምታ ነው። ገትረሽ ትቆሚያለሽ፣ እሳቸው ሙሉ ሰላምታ ይሰጡሻል፤ ሰላምታው ሳያልቅ ክንድሽ ከተንቀጠቀጠ ቀስቱ ያንቺ አይደለም። ዝንጀሮው ከበቆሎው መሃል ወደ ገላጣው እስኪወጣ ገትሮ መጠበቅ አለና። ማለቂያ የሌለውን የወለጋን ሰላምታ የሚያውቅ ምን እንደተፈረደብኝ ይገባዋል።

ረጅሙን ገተርኩ። «አከም ቡልቴ?» እንዴት አደርሽ አሉ፤ ደህና ነኝ። ቤተሰቡን ጠየቁ፤ ደህና። ከብቶቹ ላይ ሲደርሱ ክንዴ እንደ ሸምበቆ ተንቀጠቀጠ። ቀዩ ክር ወደ ጆንያው ተመለሰ።

ጠማማውን አነሳሁ። ይኼ እሺ አለኝ። ሽማግሌው ግን ለካ በልማድ እጃቸውን ዘርግተዋል! ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ለቀቅኩና በሁለት እጄ ልጨብጥ ጎንበስ አልኩ። የቀስቱ ጅማት ክንዴን ጧ አደረገው። እንባዬ መጣ፤ ከሕመሙ ይልቅ አርጆ የሚላከው ሰው ታየኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ እየሳቁ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው። «ድገሚ፣ ኢንታላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

ደግሜ ገተርኩ። ጤናውን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ጎረቤቱን፣ ሁሉንም መለስኩ። ጨረሱ። ታዲያ ትልቅ ሰው ጠይቆሽ መልሰሽ ሳትጠይቂ ዝም ይባላል? ባለቤታቸውን ጠየቅኩ፣ መንገዱን ጠየቅኩ። በመጨረሻ «ንቦቹስ ደህና ናቸው?» አልኩ።

ይኼን ባልጠየቅኩ! አንድ ዛፍ ላይ የሰቀሉት ቀፎ ነበራቸው፣ ሦስት ዓመት ማር ያልነጠፈበት፤ እሱን ሸለመጥማጥ እንዴት እንደዘረፈው ከነዛፉ ቅርንጫፍ ይተርኩልኝ ጀመር። ቀስቱን ረስተውታል። ትከሻዬ ነደደ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ግን ሽማግሌ አይቋረጥም።

አባቴ ነው ያዳነኝ። «ኧረ አባቴ፣ ልጅቷ እንደገተረች ነው» አላቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «ይኼን ቀስት ለሌላ ሰው ብሸጠው ነውር ነው» አሉ። አባቴም ምንም ሳይከራከር ገዛው።

ሳምንቱን ሙሉ ጓሮ የሰቀልኩትን ቅል ስወጋ ከረምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከቅሉ ይልቅ ከኋላው ያለው አጥር ነው የተወጋው። እሑድ ግን ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ሰኞ ጠዋት ማማው ላይ ወጣሁ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ዝንጀሮዎቹ መጡ። ፊት ፊት የሚሄደው ግዙፉ ወንድ ዝንጀሮ አንድ እሸት ገንጥሎ እየላጠ ቀና ብሎ አየኝ። ንቀቱ! ገተርኩና ጠበቅኩ። እየበላ ወደ ገላጣው ሲወጣ ለቀቅኩት። ሳትኩት፤ ፍላጻው ግን ጆሮው ሥር በሚባል ርቀት አጠገቡ ያለ የዛፍ ግንድ ላይ ተተከለ። አንዴ ጮኸ፣ እሸቱን ጣለ፤ መንጋው በሙሉ ተከትሎት ጫካ ገባ።

ያን ጊዜ ነው ከማሳው ዳር ሣሩ ሲንቀሳቀስ ያየሁት። አባቴ ነበር። ለካ ገና ሳይነጋ መጥቶ፣ ብቸገር ሊደርስልኝ ዱላውን ይዞ ተጋድሞ ኖሯል። ብድግ አለ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ወደ እኔ ሳያይ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያን ቀን በኋላም አዝመራው እስኪሰበሰብ ማሳው ድረስ ሊጠብቀኝ አልመጣም።