ባርኔጣቸውን አውልቀው ውርጭ የሚያውቁት አጎቴ

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ስለ ደግነታቸው ሌላው ይናገር፤ እኔን አልረሳ ያለኝ ባርኔጣ አወላለቃቸው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ጓሮዬን ቆፍሬ መጀመሪያ ድንችና ቆስጣ ስተክል ምንም አላውቅም ነበር። እሳቸው በየቀኑ ወደ ማታ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን በአጥሩ በኩል ይመጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው መላጣቸውን ለሰማዩ ይሰጡታል። ትንሽ ቆመው፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ውርጭ አለ፤ ጭድ አልብሺው» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ ሬዲዮ አይሻልም?»

«ሬዲዮው የአገሩን ሁሉ ያወራል፤ መላጣዬ ያንቺን ጓሮ ነው የሚያውቀው!»

አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

የተቀበሩ ዕለት ሁላችንም ለቅሶ ላይ ነበርን፤ ጓሮው ትዝ ያለው የለም። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ድንቹ እሳት እንደነካው ጠቁሮ ተኝቷል። ለልጆቼ ቀለብ ያልኩት እሱን ነበር።

አሁን የቀረን ቆስጣው ብቻ ነው። ሰማዩን ባየው ባየው ምንም አይነግረኝም። ስለምፈራ ደመና ሆኖ ውርጭ በማይጥልበት ሌሊትም ቆስጣውን ጭድ አለብሰዋለሁ፤ ፀሐይ ወጥታም መግለጥ ያስፈራኛል። ከጭዱ ሥር ታፍኖ ቢጫ እየሆነ ነው። እያየሁት ነው። «ግለጪው እንጂ!» ብሎ የሚቆጣኝ ሰው ግን የለም።