ከበረዶው በኋላ የመጡት ሰው

ባለፈው ሳምንት ቢቸና ላይ በረዶ ጣለ። ሲያባራ በር ከፍቼ ብወጣ የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ፣ ያ ጎመኑም ሣሩም ጌሾውም አንድ ላይ የተወቀጠ የሚመስል ጥሬ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሽታ የማውቀው ከልጅነቴ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብለን ነበር። አባቴ አለኸኝ ጨዋታ አዋቂ ገበሬ ነበር፤ ሲያርስ በሬዎቹን የሚሰድባቸው በግጥም ስለነበር መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማዋል፣ እናቴ ደግሞ ልጆች ይማሩብሃል እያለች ትቆጣዋለች። በመስከረም ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጤፉ ሊያሸት ሲል፣ በረዶ ወርዶ ማሳውን መሬት ላይ አነጠፈው። አባቴ ሄዶ አየውና ተመለሰ፤ ጋቢውን ተከናንቦ መደብ ላይ ወጣ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

እኛ ቤት ዝምታ አይታወቅም ነበር። እናቴ ጠበል አመጣችለት፤ የንስሐ አባታችን መጥተው መከሩት፤ ጎረቤቱ እየተፈራረቀ ወንድ አይደለህ እንዴ፣ በርታ እንጂ አለው። እሱ ግን ምግቡን ጫፉን ሳይነካ ይመልሰዋል። ከትምህርት ቤት ስመጣ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ስለነበር፣ እያደር ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን የማውቀው እየመሰለኝ ሄደ።

ከዚያ ጋሽ ሰይድ መጡ። ጋሽ ሰይድ የሞጣ ነጋዴ ነበሩ፤ ጨርቅና ጨው በበቅሎ ጭነው ለቢቸና ገበያ ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ዘንድ ነው፤ እናቴም ለእሳቸው ብቻ የምታወጣው የተለየ ድስት ነበራት። እሳቸው በርታ አላሉትም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ በቅሏቸው ማውራት ጀመሩ፤ ወንዝ አልሻገርም ብላ ብትለግምባቸው ጨውን ራሳቸው ተሸክመው እንደተሻገሩ፣ እሷም ባዶዋን እየተንጎራደደች እንደተከተለቻቸው አወሩለት። እኔና እናቴ ሳቅን። አባቴ አልሳቀም። ሊሄዱ ሲነሡ ነው እንዲህ ያሉት፦

«አያ አለኸኝ፣ ጤፉን አልመልስልህም። እስከ አጥሩ ግን ትሸኘኛለህ።»

እንግዳ አለመሸኘት ነውር ነውና አባቴ ተነሣ። እስከ አጥሩ ሸኝቷቸው ተመልሶ ተኛ። በሚቀጥለው ገበያ እስከ ወንዙ እንዲሸኛቸው አደረጉ። ቆይቶ ደግሞ እንደዋዛ መንገዱን በማሳው በኩል አደረጉት። አባቴ ከወደመው ጤፍ መሐል ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነና ጨመቀው፤ ከዚያ ለማንም እንደማይናገር ሰው ሆኖ፣ «ይሄ ገና እርጥብ ነው፤ ሽምብራ ያበቅላል» አለ።

ዘራው፤ ሽምብራውም በቀለ። በዚያ ዓመት ጠግበን አልበላንም፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ በሬዎቹን እንደ ድሮው በግጥም አልሰደባቸውም። ጀርባውን ግን ዳግመኛ አልሰጠንም።

ዛሬ አባቴም ጋሽ ሰይድም የሉም። እኔ እዚሁ ቢቸና አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ትምህርት ቤታችን በጦርነቱ ከተዘጋ ስለቆየ ግን አስተማሪነቴ ስም ብቻ ነው። ልጄ መዓዛ ሐኪም እሆናለሁ ትል ነበር። ትምህርቱ ሲቋረጥ መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ አሁን ማልቀሱንም ትታ ብርድ ልብስ ውስጥ ትውላለች። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ በትሕትና ደጉን ደጉን እንድታስብ፣ በየቀኑ ትንሽ እንድትንቀሳቀስ መከረቻት። እውነቷን ነው፤ ጋሽ ሰይድም ለአባቴ ያደረጉለት ይህንኑ ነበር። አየር ትለውጥ ብዬ ሞጣ የጋሽ ሰይድ ልጅ ዘንድ ልወስዳት አሰብኩ። መንገዱ ግን ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፤ ስልኩም አይሠራም።

በረዶው የጣለ ዕለት ከደጃፉ ተነሥቼ ገባሁና፣ «መዓዛ፣ እስከ አጥሩ አብረን እንሂድ» አልኳት። እኔን ላለማስከፋት ተነሣች። ነጠላዋን ደርባ፣ ብርሃኑ ዓይኗን እየወጋት፣ አጥሩ ጋ ደረስን። መንገዱ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። «እማዬ፣ ከዚህ ወዲያ የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

ልታሾፍብኝ አይደለም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ለአባቴ ከአጥሩ ወዲያ እርጥብ አፈር ነበረው። የመታው በረዶ ነው፤ በረዶ ደግሞ ጥሎ ያልፋል። ከሞጣ ድረስ በበቅሎ የሚደርስለት ወዳጅም ነበረው፤ መንገዱን ማንም አልዘጋበትም። እኔ ከጋሽ ሰይድ የተማርኩት ሰውን እስከ አጥሩ ማድረስን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሳና መንገድ እሳቸውም አላበጁትም፤ ድሮም እዚያው ነበር።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት።

እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። እሷም እንመለስ አላለችም፤ እኔም እንቀጥል አላልኳትም።