ድምፃቸውን የማያሰሙት ተሳፋሪ

ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ በሚሄደው ሚኒባስ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ፀሐይ በወጣበት ቀን እንኳ ከእግራቸው ቦት ጫማ አይጠፋም። መውረድ ሲፈልጉ እንደ ሌላው ሰው «ወራጅ አለ» አይሉም፤ አጠገባቸው ያለውን ሰው ትከሻ በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፣ እሱ ይጮህላቸዋል።

መጀመሪያ መናገር የማይችሉ መስለውኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ቦታ ስለቅቅላቸው «ተባረክ ልጄ» አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

ነገሩን ያጫወቱኝ የሠፈራቸው ሰው እትዬ ትርንጎ ናቸው። ባለፈው ክረምት ናዳ የጎረቤታቸውን ቤት ሲቀብር እሪ ብለው ሰው የጠሩት እኚሁ ተሳፋሪ ነበሩ። እሪታ ሰምቶ ቤቱ የሚቀር የለምና ሁሉም ዶማውን ይዞ መጣ። እየቆፈሩ ሳሉ ናዳው ደገመና የመጡትንም ቀበረ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው እዚያ ውስጥ ነበሩ።

«ከዚያ ወዲህ ጮክ ብለው ሲናገሩ የሰማ የለም» አሉኝ እትዬ ትርንጎ።

አሁን ታኅሣሥ ነው፣ ቡና የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅበት ወር። ዝናቡ ግን ከሰኞ ጀምሮ አላባራም። ዛሬ መንገዱ ተዘጋግቶ ዳገቱ ሥር ቆመናል፤ እሳቸው በሩ አጠገብ፣ እኔ ከጎናቸው። ተሳፋሪው ስልኩን ይነካካል፣ ሾፌሩ ያንቀላፋል።

ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ድንገት ቀላ። ጠጠርም አብሮ ይንከባለል ጀመር።

እሳቸው አዩት። አፋቸው ተከፈተ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

መውረጃቸው ገና ነው። ጣታቸው ትከሻዬን ነካ።