የለውዝ መጠቅለያው የፈረደበት ፊልም

ልጅ እያለሁ በእኛ ከተማ ለውዝ የሚጠቀለለው በጋዜጣ ነበር። አሁን ጭሮ የምንላትን ያኔ በሰፈራችን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ወረቀቱ እንደ በሬ ቀንድ ሹል ተደርጎ ይጠቀለልና ለውዙ ይሞላበታል፣ ከዚያ አፉ በጣት ይታጠፋል። ለውዙ ትኩስ ስለሆነ የጋዜጣው ቀለም ይለቅና ጣታችን ይጠቁራል። ያንን ጣት እየላስን ነው ያደግነው። ዛሬ ልጆቼ እንደዚያ ቢያደርጉ ጤና ጣቢያ ነው ይዣቸው የምሮጠው፤ ያኔ ግን ማናችንም ምንም አልሆንንም።

እናቴ አስካለ ለውዝ ሻጭ ነበረች። ከባቢሌ በጭነት መኪና የሚመጣውን ለውዝ ጠዋት ከአሸዋ ጋር ትቆላና ከሰዓት በኋላ የጋሽ በላይነህ ቪዲዮ ቤት ደጅ ላይ ትቀመጣለች። ያ ደጅ ዋዛ እንዳይመስላችሁ። የቆርቆሮው ክፈፍ ወደ ውጭ ወጣ ስለሚል ጥላ አለው፣ ዝናብም አይመታውም። ፊልም ሊያይ የሚገባው ሰው ሁሉ በእናቴ ፊት ነው የሚያልፈው። ሌሎቹ ሴቶች አውቶብስ ማቆሚያው ጋ በፀሐይና በአቧራ ከመስኮት ወደ መስኮት እየሮጡ ነበር የሚሸጡት። አባቴ ቀደም ብሎ ስላረፈ እኔና ሁለት ወንድሞቼ የምንበላው ከዚያች ጥላ ሥር በሚገኘው ነው። እናቴ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ «ይህን ደጅ አያሳጣኝ» ትል ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። የጣውላ አግዳሚዎች፣ መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ጥቁር ብርድ ልብስ፣ ፊት ለፊት ከፍ ያለ ሣጥን ላይ ቴሌቪዥንና ዴክ። ቅዳሜና እሑድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሕንዱም፣ ካራቴውም፣ ካውቦዩም፣ የጦርነቱም በተራ ይታያል። ክፍሉ የላብ፣ የብርቱካን ልጣጭና የእናቴ ለውዝ ይሸታል። እኛ ልጆች ደጅ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለልን በብርድ ልብሱ ቀዳዳ ተራ በተራ እናያለን። እኔ የብዙ ፊልም ግማሽ አይቻለሁ፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየሁም።

ለጋሽ በላይነህ ካሴቱን የሚያመጣላቸው የአዲስ አበባ አውቶብስ ሹፌር ነበር። ከካሴቱ ጋር ጋዜጣም ይመጣል። ጋዜጣው ላይ ስለ ፊልም ብቻ የሚጽፉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ገጹ መሐል ለመሐል በመስመር ይከፈልና አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ስለ አንድ ፊልም ይጽፋሉ። ተስማምተው አያውቁም። የግራው ካራቴውን እስከ ሰማይ ሲያወጣው የቀኙ «ሰውየው ይህን ሁሉ ሲመታ እንዴት ጸጉሩ አይበላሽም?» ብሎ ይጠይቃል። በሌላ ሳምንት ደግሞ የቀኙ ስለ ጦርነት ፊልም አልቅሶ ይጽፋል፤ የግራው ከመድፍ ጩኸት በቀር የሰማሁት የለም ይላል። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩ ራሱ ይገርመን ነበር። እናቴማ «እውነት ፊልም አይተው በመጨቃጨቃቸው ደመወዝ ይበላሉ?» ብላ ሁለት ሦስቴ ጠይቃኛለች።

ጋሽ በላይነህ ብልህ ነበሩ። ገጹን መሐሉ ላይ ይቀድዱትና ያሞገሰውን ግማሽ በራቸው ላይ በሙጫ ይለጥፋሉ፣ ያጣጣለውን ግማሽ ከሰል ያቀጣጥሉበታል። እንደዚያ በር ከሆነ አሰበ ተፈሪ መጥፎ ፊልም መጥቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ መጠቅለያ አለቀብንና እናቴ ወደ ጋሽ በላይነህ ላከችኝ። እሳቸው በሩ ላይ ሙጫ እየቀቡ ነበር። ዞር ሳይሉ አጠገባቸው የተከመረውን ወረቀት አፈሱና «እንቺ፣ ይኸው» አሉኝ። ይዤ ሄድኩ፤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ በቢላ እቆርጥ ጀመር። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነባለሁ። አንዱ ወረቀት ላይ የዚያን ቀን የሚታየው የሕንድ ፊልም ስም አለ። ከሥሩ «ትዕግሥት የተሰጠው ይየው» ይላል። ከሰል ሊያቀጣጥሉበት ያስቀመጡት ግማሽ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ወረቀት እኮ...»

«ምን ሆነ? ዘይት ነክቶታል?»

«አይ፣ ጽሑፉ ነው...»

«ጽሑፉን አይበሉት! ሰው እየመጣ ነው፣ ቶሎ ጠቅልዪ።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ለእሷ ጋዜጣ ሁሉ አንድ ነው። እኔ ደግሞ ጋሽ በላይነህ ጋ ተመልሼ «ተሳስተው ሰጡኝ» ለማለት ፈራሁ። ያኔ ልጅ ትልቅ ሰውን ተሳስተዋል ማለቱ ነውር ነው፣ እሳቸው ደግሞ በሩን የሚሞሉ ሰው ነበሩ። በዚያ ላይ ቤታችን ውስጥ ጠዋት ማታ የሚባለው «ዝም አይነቅዝም» ነው። ዝም አልኩና ጠቀለልኩ።

ፊልሙ ሊጀመር ሲል መምህር ግርማ ገብቶ ተቀመጠ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ የተጻፈ ነገር ካየ ሳያነብ አያልፍም። ለውዙን ጨረሰና ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋው። እኔ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ለጥፌ አያለሁ። መጀመሪያ ለብቻው አነበበ፣ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ስሙማ! ‹ሁለት ወንድማማቾች በጎርፍ ይለያያሉ። እስኪገናኙ ድረስ አሥራ አንድ ዘፈን አለ። ስምንተኛው ዘፈን ላይ ታላቅየው ለምን እንደተናደደ ረስቶታል፤ እኛም ረስተነዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን እናትየው ሁለቱን አቅፋ ስታለቅስ...›» ቆመ። ወረቀቱን ገለበጠው። «ተቆርጧል እኮ! ቀሪው ማን ጋ ነው?»

ያኔ የሆነውን ብታዩ! ቤቱ ሙሉ ለውዙን ጭኑ ላይ፣ ባርኔጣው ውስጥ፣ የጓደኛው መዳፍ ላይ እየገለበጠ ወረቀት ይዘረጋ ጀመር።

«እኔ ጋ የጨረታ ማስታወቂያ ነው!»

«እኔ ጋ ኳስ ነው፣ እሱም ተሸንፈናል!»

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሂርና የሚመጣ አብዲ የሚባል ጫት ነጋዴ ነበር። «አቦ የኔንም እዩልኝ፣ እኔ ይሄን ፊደላችሁን አላውቀው» ብሎ በሰው እጅ አሳለፈ። እሱ ጋ ነበር! መምህር ግርማ ተቀብሎ ቀጠለ፣ «‹...ከጎኔ የተቀመጠው ተመልካች ማንኮራፋቱ ነው።›»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «በሩ ላይ እንባ ይላል፣ ለውዙ ላይ እንቅልፍ ይላል፤ የቱን እንመን?» አለ። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ።

ጋሽ በላይነህ ዴኩን አጠፉትና እየተንደረደሩ ወደ ደጅ መጡ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«አስካለ! እንጀራዬን ልትዘጊ ነው የተቀመጥሽው?»

እናቴ ለውዝ የምትለካበትን የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ብድግ አለች። «ምን አጠፋሁ ጋሽ በላይነህ? አሸዋ ገባበት እንዴ?»

«አሸዋስ በተሻለ! ማነው ወረቀቱን የሰጠሽ? ማነው ያስጠናሽ? በይ ንብረትሽን ሰብስቢ፣ ከደጄ ተነሽ! ከእንግዲህ እዚህ እንዳላይሽ!»

እናቴ ምን እንዳጠፋች እንኳ ሳይገባት ጎንበስ ብላ ጆንያውን ማጠፍ ጀመረች። ለውዙ እየፈሰሰ ነው። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተከምሮ ያያል። እኔ ግንቡን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እናቴ እንደዚያ ሆና ሳያት ግን አፌ ከእኔ ሳይፈቀድለት ተከፈተ።

«እርስዎ ነዎት የሰጡኝ! ሙጫ ሲቀቡ ‹እንቺ› ብለው የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። እማዬ ማንበብ አትችልም። እኔ አንብቤው ነበር፣ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።»

ከኋላ አብዲ «ኢንተልቲ ማል ጄቴ?» ብሎ ጠየቀ፤ ልጅቷ ምን አለች ማለቱ ነው። የነገሩት ጊዜ «ወላሂ፣ ከሁላችን ወንድ እሷ ናት!» ብሎ ሳቀ። ጋሽ በላይነህ እጃቸውን አዩት። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር።

መምህር ግርማ ሰውን እየገፋ መጣና ከጋሽ በላይነህ ጎን ቆመ። «ጋሼ፣ ልጅቷ ማንበብ ከቻለች በሩ ላይ ያለውንም ታንብብልን። የአንዱን ሰምቶ ፍርድ የለም» አለና አንስቶ አግዳሚ ላይ አቆመኝ። በሩን ይዤ ያሞገሰውን ግማሽ አነበብኩ። እየተሰባበረ ነው የወጣው፣ «ወን-ድም ያለው ሰው ይህን ፊልም አይቶ ዓይኑን ሳይ-ጠርግ አይወጣም» የሚለው ላይ ሁለቴ ተደናቀፍኩ። ማንም አልሳቀብኝም። ስጨርስ የወጡት ሁለቱ ሰዎች ሳይቀሩ ተመልሰው ገቡ፤ ማን እንደዋሸ ሊያዩ።

እኔና እናቴ ከሰው ጋር ስንገባ ጋሽ በላይነህ አልከለከሉንም፤ ዴኩን መልሰው አበሩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊልም ውስጥ ገብቼ፣ እናቴ ጎን ተቀምጬ፣ እስከ መጨረሻው አየሁ። ዘፈኑን ቆጠርን፣ እውነትም አሥራ አንድ ነው። አብዲ በኩታው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ ወጣና «ያ የሚያንኮራፋው ሰውዬ ወንድም የለውም፣ በቃ!» አለ። መምህር ግርማ «ጎርፉ ራሱ ስድስት ዘፈን ቢወስድ ኖሮ ጥሩ ነበር» አለው። እየተጨቃጨቁ፣ እየተሳሳቁ እስከ አውቶብስ ማቆሚያው ወረዱ። አብዲን የሂርናው መኪና ሊያመልጠው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አግዳሚው አልበቃ አለ። ሰው ሁሉ ወደ እናቴ እየመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወረቀቱ የዛሬው ነው?» ብሎ ነው። ከመጀመሩ በፊት ጋሽ በላይነህ መጡና ያጣጣለውን ግማሽ ገጽ ለእናቴ ዘረጉላት። ዓይኗን አላዩም። «አስካለ፣ ፊደሉ ወደ ውስጥ ይሁን፤ በልተው ሳይጨርሱ እንዳያዩት» አሉና ገቡ። ይቅርታቸው እሱ ነበር። እናቴም ገብቷታል፣ ከዚያ ወዲህ የእሳቸውን ለውዝ እስከ አፉ ነበር የምትሞላው። ደጁንም እስክትደክም ድረስ ማንም አልወሰደባትም።

እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ አላለፈም። ማንበብን ያጠበቅሁት በዚያ ወረቀት ነው። እውቀቴም እንደዚያው የተቆራረጠ ነው፤ የብዙ ነገር መጀመሪያ አውቃለሁ፣ መጨረሻው ሌላ ሰው ለውዝ ላይ ቀርቷል።

አሁን ቪዲዮ ቤቱ የለም፣ ቦታው ላይ ስልክ ይጠገናል፣ ደጁ ላይ ባጃጅ ይቆማል። ለውዝም በላስቲክ ሆነ፤ ላስቲክ ላይ ምን ይነበባል? ልጆቼ ፊልም የሚያዩት በየስልካቸው፣ ጆሯቸውን ደፍነው ነው፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው ምን አሳቀው ብሎ አይጠይቅም። ስለ ፊልም የሚናገረው ሰው ደግሞ በዛ፤ መልኩ አይታይ፣ ስሙ አይታወቅ፣ ተሳድቦ ያልፋል።

ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ፍርሃቴ ብሶብኛል። ትንሽ ከዘገዩ አስፋልቱ ዳር ወጥቼ የምቆም ነኝ። ታላቋ ልጄ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ስለ ፊልም እየጻፈች ታነባለች። ባለፈው ሳምንት ከተማው ሁሉ ያበደለትን ፊልም «አልወደድኩትም» ብላ ጽፋ አየሁባትና እንቅልፍ አጣሁ።

«ምነው ልጄ፣ ቢጠሉሽስ? ሌላ ፊልም የለም?»

«እማ፣ ለምን እንዳልወደድኩት ጽፌያለሁ እኮ። ያልተስማማ ይመልስልኝ።»

በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ወደ ገበያ የምሄድ መስዬ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆምኩ። ድምፅ ማጉያው ተንጫጫና ድምፅዋ መጣ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም ከአጥሩ ውጭ አብሬያት ተንቀጠቀጥኩ። እየቆየ ጠነከረ። ስትጨርስ ግማሹ ተማሪ አጨበጨበ፣ ግማሹ «ኡ!» እያለ ጮኸ። ሰላም ጸጥ እስኪሉ ጠበቀችና «እሺ፣ ፊልሙን የወደደ ይምጣ፤ ማይኩ ይኸው» አለች። በአጥሩ ሽንቁር አንድ ልጅ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ እየከተተ ወደ እሷ ሲሮጥ አየሁት። ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩና የእሱንም ልስማ ብዬ አጥሩን ተደገፍኩ።