የፍሬሕይወት የመስኮት ገበያ

ስለ ፍሬሕይወት የሚወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ሰው ሞቶ እያለ ዕቃ ትሸጥ ነበር» ይላሉ አሉ። አፋቸው ይታሰር! እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሳው ባዩ ነኝ፤ የኋላ ክፍሌን ያከራየኋት እኔ፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር የማስነሳላት እኔ። የሆነውን ያየሁ ሰው ነኝና ልናገር። መሐል ላይ ግን አታቋርጡኝ፣ አልወድም።

ፍሬሕይወት የእስቴ ገበሬ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። አገባች፤ ባሏ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወረደና በዚያው ቀረ። ሞተ እንዳይባል ወሬ የለው፣ አለ እንዳይባል ድምፅ የለው። እሷ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ አልሆነችም። በ2010 ዓመተ ምሕረት ባሕር ዳር ሥልጠና አለ ተብሎ ሄደችና ዌቢናር የሚባል ነገር ይዛ መጣች። «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጋሼ ባዩ፣ ገዢዎቹ በያሉበት ሆነው በስልካቸው ያዩናል፣ ይጠይቁናል። እኛ ባናችንን እያሳየን እናስረዳለን።»

«ታዲያ ሳይዳብስ ብርድ ልብስ የሚገዛ ሞኝ ከየት ይመጣል?»

«እኔ እዳብስላቸዋለሁ» አለችና ሳቀች። ለባናው የበግ ጠጉር የሚፈትሉላት ሴቶች ስሙ አልያዝላቸው ብሎ፣ ገዢው በስክሪኑ ላይ በየመስኮቱ ብቅ ስለሚል የመስኮቱ ገበያ አሉት።

ሥራዋን ሳይ አፌን ያዝኩ። አንድ ሰው ብቻ ቢገባም በተባለው ሰዓት ትጀምራለች፤ «በሰዓቱ የመጣውን ለዘገየው ብሎ ማስጠበቅ ነውር ነው» ትላለች። የገባውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች። ዋጋ ቶሎ ከአፏ አይወጣም። መጀመሪያ ባናውን ገልብጣ ውስጡን ታሳያለች፣ የሳሳ ቦታ ካለው ገዢ ሳያየው ራሷ ትናገራለች። ከዚያ ዝም። እኔ ዝምታው ጨንቆኝ «ኧረ አንድ ነገር በይ!» ስላት በእጇ ታባርረኛለች። እውነትም ትንሽ ቆይቶ ጥያቄው ይዘንባል። ከሁሉ በላይ ግን ፈታዮቹን ከኋላዋ ደርድራ ታስቀምጣለች፤ እንዝርቱ ሲሾር ገዢው ያየዋል። ሰው እጁን ያየውን ሰው ሥራ አይጠራጠርም ትል ነበር።

ከፈታዮቹ ሁሉ የታወቀችው ካሣነሽ ናት። ምላሷ የተሳለ፣ ሰው አስቃ የማትስቅ። አንዱ ጀርመን አገር ያለ ሐበሻ «እማማ፣ ይሞቃል ወይ?» ቢላት፣ «ሚስት ካለህ አንድ ይበቃሃል፣ ከሌለህ ሁለት ግዛ» ብላው ሁለት ገዛ።

ካሣነሽ ያለችው አንድ ልጅ ብቻ ናት፣ ትዕግሥት፣ ቤይሩት የሰው ቤት ሠራተኛ። አሠሪዎቿ ስልክ የሚሰጧት እሁድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ፍሬሕይወት ገበያውን እሁድ ከሰዓት ያደረገችው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ካለ ዋሽቷል። ትዕግሥት ባና ልትገዛ አትገባም። የአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ እናቷ ስትፈትል ታያለች። ካሣነሽም ታውቃለችና፣ «እስቲ ያቺ የማትገዛዋ ደንበኛዬ ገብታለች?» ትላለች። ገብታለች ስትባል ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ትቀመጥ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጾመ ነቢያት በገባ በሳምንቱ፣ ካሣነሽን ውጋት ጣላት። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለማድረስ መኪና ስንለምን ሞተች። እንዲያ ያለች ሴት፣ እንደ ዋዛ!

መርዶ በእኛ አገር በስልክ አይወረወርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ለቅሶኛውን ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገር። የካሣነሽ ወንድም መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ልሔም ገዳም ድጓ ያስተምራሉ። ለቀብር መጥተው ነበርና ከቀብር መልስ እኔን፣ ፍሬሕይወትንና የካሣነሽን ታናሽ እህት አማረችን ጠሩን።

«ልጅቱ የሰው ቤት ናት፣ ብቻዋን ናት» አሉ። «ደንግጣ ከፎቅ ብትወድቅስ? የሚይዛት ሰው ሳይኖር ይህ ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። አንዲት የደብረ ታቦር ሴት እዚያው ቤይሩት አለች፤ ለገና አሠሪዎቿን አስፈቅዳ፣ ጓደኞቿን ይዛ ሄዳ ታረዳታለች። እስከዚያ ዝም ነው።»

ፍሬሕይወት መሬት መሬት እያየች «መሪጌታ፣ እኔስ ምን ልበላት? እሁድ እሁድ ትገባለች» አለች።

«ቤተ ልሔም ከእኔ ዘንድ ሱባዔ ገብታለች በያት።»

«ውሸት ነው እኮ፣ አባቴ።»

«ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ» አሉ መሪጌታ።

በመጀመሪያው እሁድ ሴቶቹ አልመጡም፤ ፍሬሕይወት ብቻዋን ቀርባ የተባለችውን አለች። ትዕግሥት አመነቻት። «ለእኔም ትጸልይልኝ በሉልኝ፣ ወገቤን አሞኛል» ብላ ጻፈች። ፍሬሕይወት መስኮቱን ዘግታ የፎቶ ኮፒ ማሽኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ተይው እስከ ገና፣ ምን ቸገረሽ!» ብላት፣ «ብቀር ትጠረጥራለች። ፈታዮቹም ካልታዩ ትጠረጥራለች» አለችኝ። ደግሞ የውጭ አገሩ ብርድ የሚበረታው ያኔ ነው፤ ሴቶቹ ዓመት ሙሉ የፈተሉት የሚሸጠው በዚያ ወር ነው። የትኛውን ትተው?

ለሚቀጥለው እሁድ የምታደርገውን ሁሉ አደረገች። የካሣነሽን በርጩማ አነሳች፣ ቦታው ክፍት እንዳይመስል ሴቶቹን አጠጋግታ አስቀመጠች። «ስሟን እንዳትጠሩ፣ እንዳታለቅሱ፣ በሥላሴ!» ብላ ለመነቻቸው። እሷም ጥቁሯን አውልቃ ቀይ ሹራብ ለበሰች። ኀዘንተኛ ሴት በቀይ ሹራብ! ሰዓቱ ሲደርስ ጀመረች። ሰዉ ጎረፈ። በየስማቸው ጠራቻቸው፤ ትዕግሥት ጋ ስትደርስ ድምፅዋ እንደ መሰበር አለና ቀና አለ። ባናውን ዘረጋች፣ ገለበጠች፣ የሳሳውን አሳየች። ከዚያ እንደ ልማዷ ዝም አለች።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ የትዕግሥት ነው። እኔ ነኝ ከስክሪኑ ያነበብኩት። «አክስቴ አማረች ነጠላዋን ለምን አዘቀዘቀች?» ይላል።

ዞር ብል፣ የእግዚአብሔር ያለህ! አማረች ብቻ አይደለችም፤ ሁሉም ፈታዮች ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገት አድርገው ለብሰዋል። አርባው እስኪወጣ ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ሌላ አለባበስ የላትም፤ ማለዳ ተነሥታ ስትለብስ እጇ ራሱ እንዲያ ነው የሚያደርገው። አፋቸውን ጠብቀዋል፣ ዕንባቸውን ውጠዋል። ነጠላውን ግን ከመሐላችን አንድ ሰው አላሰበውም። ስናየው የሰነበትን ነገር ሆኖ ዓይናችን አለፈው። ሌላው ገዢ ባናውን ያያል፤ እሷ ዘመዶቿን ነው የምታይ።

ፍሬሕይወት «ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ነው» አለች።

«ማን?» አለች ትዕግሥት።

አንድ ስም ማለት ነበር፣ አንድ ስም! አፏን ከፈተች። ግን በቁሙ ያለን ሰው ሞተ ብሎ ማን ደፍሮ ይጠራል? ምላሷ አልታዘዝ አላት። ያ ሁሉ ገዢ እያየ ዝም አለች፤ ያን ዝምታ ግን እሷ አልፈለገችውም።

ትዕግሥት ማይኩን ከፈተች። ቀስ ብላ፣ «ፍሬዬ፣ እማዬን አሳዪኝ። ሱባዔ ላይ ብትሆንም በስልክ ደውይና አሳዪኝ» አለች።

ይህን ጊዜ አማረች አልቻለችም። «ልጄን! ወይኔ ልጄን!» ብላ ተነሣች። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። ታፍኖ የሰነበተ ለቅሶ ነው፤ ደረታቸውን እየደቁ፣ እርስ በርስ እየተያያዙ ክፍሉን አናወጡት። በስፒከሩ ከወዲያ የመጣውን ጩኸት ግን አልነግራችሁም፣ አልችልም። የሆነች ሴት በዐረብኛ ስትቆጣ ተሰማ፣ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፣ የትዕግሥት መስኮት ጠፋ።

ፍሬሕይወት ስክሪኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ያዟት! ኧረ እዚያ ያላችሁ ያዟት!» ትላለች። ጀርመን ላለው፣ አዲስ አበባ ላለው፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉ። ማን ይያዛት? ገዢዎቹ አንድ በአንድ ነፍስ ይማር እያሉ ጽፈው ወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኳ ዝግ ነበር። ፍሬሕይወት እህል አልቀመሰችም። እሁድ ከሰዓት ትዕግሥት ራሷ ደወለች። ፍሬሕይወት ስፒከሩን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አማረችም እኔም ቆመን ሰማን። ትሰድበናለች ብዬ ነበር። በሰደበችን!

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለች ፍሬሕይወት። «የሚይዝሽ ሰው እስክናገኝ ብለን ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ትዕግሥት። «እናንተ ተቃቅፋችሁ ስታለቅሱ አየኋችሁ። እኔ የሰዎቹን ፍሪጅ አቅፌ አለቀስኩ።»