በጉማሬዋ መንገድ ላይ

ዛሬ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሳልፍ የረጠበ ደንገል ሸተተኝና ሆዴ ባባ።

በደርግ ጊዜ የሰፈራችን ሰዎች በፈቃዳቸው እዚያ ችግኝ ይተክሉ ነበር፤ እኔም ከእናቴ ጋር እሄድ ነበር። አንድ ጠዋት ጉማሬ ከነግልገሏ ወጥታ ችግኙ መሃል ቆመች። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አነጣጠረ። ተከላውን የሚመሩት ሽማግሌ፣ አቶ ዳንጊሶ፣ ሄደው አፈሙዙ ፊት ቆሙ።

«ዞር ይበሉ፤ የሕዝቡን ችግኝ እየረገጠች ነው» አላቸው።

«ልጄ፣ በመንገዷ ላይ የተከልነው እኛ ነን። እንነቅለዋለን።»

እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። ጉማሬዋ ግልገሏን እየገፋች ውሃው ውስጥ ገባች።

አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አወረደና «ከሰዓት ቀበሌ ይምጡ» አላቸው።

አቶ ዳንጊሶ የተመለሱት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ምን እንደደረሰባቸው አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።